የእንግዳ ሰው ዕውቀት በምን ሚዛን ይመዘናል?

ሰው ከአገሩ ተሰድዶ ሲወጣ ቤቱን፣ እርሻውንና ከብቱን ትቶ ይወጣል፤ ዕውቀቱን ግን ትቶ ሊወጣ አይችልም። ዕውቀት በልቡና፣ ሞያም በእጅ የሚኖር ስለ ሆነ ባለቤቱ ወደ ሄደበት ሁሉ ይከተለዋል። ነገር ግን በደረሰበት አገር ዕውቀቱን የሚመሰክርለት ሰው ቢያጣ፣ አብሮት የተሰደደው ዕውቀት እንደ ተቀበረ መክሊት ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ ሰው በሌላ አገር የተማረውን ትምህርትና በሌላ አገር መምህራን የተመሰከረለትን ሞያ የተቀበለው አገር ሊያጸድቅለት ይገባልን? የሚገባስ ከሆነ ያለ ምርመራ ነው ወይስ በምርመራ? ምርመራውስ መቼ እውነተኛ ፍርድ፣ መቼስ በር መዝጊያ ሰበብ ይሆናል?

ነገሩ የመሥሪያ ቤት ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ማኅተምና ፊርማ፣ ዲፕሎማና የሥራ ፈቃድ የሚባሉት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ውጭ ያሉ ይመስላሉና። ነገር ግን አንድን ሰው «ታውቃለህ» ወይም «አታውቅም» ብሎ መወሰን ፍርድ መስጠት ነው። ፍርድ ባለበትም እውነትና ሐሰት፣ ርኅራኄና ጭካኔ ይኖራሉ። ስለዚህ ይህ ጥያቄ የነፍስም ጥያቄ ነው።

ከእኛም የራቀ አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውሮፓና ወደ ሌሎችም አገሮች ተሰድደዋል። ከእነርሱም መካከል ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ መሐንዲሶች፣ መምህራንና የሕግ ዐዋቂዎች ነበሩ። በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ ከሚነዱት፣ የመኪና ማቆሚያ ከሚጠብቁትና በሆቴል ከሚያስተናግዱት ወገኖቻችን አንዳንዶቹ በአገራቸው ትልቅ ሞያ የነበራቸው እንደ ሆኑ ያልሰማ የለም። በሌላ አገር የተማረ ሐኪም በአሜሪካ ለማከም ሲፈልግ ፈተናዎችን ካለፈ በኋላም፣ ምንም እንኳ ለብዙ ዘመን ሲያክም የኖረ ቢሆን፣ በአብዛኛው እንደ ገና በሆስፒታል ለዓመታት በተለማማጅነት እንዲያገለግል ይጠየቃል። ታክሲ መንዳት ነውር ሆኖ አይደለም፤ በላብ የሚበላ እንጀራ ሁሉ ክቡር ነው። የሚያሳዝነው፣ ሕመምተኛ ሐኪም በሚጠብቅበት ከተማ ሐኪሙ መሪ ይዞ መዋሉ ነው።

በአገራችንም ያለው ሁኔታ ይህንኑ ይመስላል። ኢትዮጵያ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ ስደተኞችን ተቀብላ ታስተናግዳለች። ከእነዚህም መካከል የተማሩና ባለ ሞያ የሆኑ አሉ። ይልቁንም በሰሜን ሸዋ በቅርብ ያየነው አለ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በደብረ ብርሃን ተጠልለዋል። እነርሱ በገዛ አገራቸው ያሉ ስለ ሆኑ ባዕዳን አይባሉም። ነገር ግን ቤቱ ሲቃጠል የምስክር ወረቀቱ አብሮ የተቃጠለበት መምህር፣ የሥራ ደብዳቤዋን ሳታነሣ የሸሸች ነርስ፣ የክህነቱን ማስረጃ ያጣ ካህን ቢኖር፣ ጭንቀቱ ከባሕር ማዶ ስደተኛ ጭንቀት በምን ይለያል? ወረቀቱ ተቃጥሏል፤ ዕውቀቱስ አብሮ ተቃጥሏልን?

የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐ ቤቴን ምድር የሚያውቅ ሰው የነገሩን ክብደት በቀላሉ ይረዳል። ያ አገር ደጋው ከፍ ያለ፣ ሸለቆው ጥልቅ፣ መንገዱም አስቸጋሪ ነው። ምጥ የያዛት እናት ከገደል በታች ካለ መንደር በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ ሆስፒታል እስኪያደርሷት ድረስ ሌሊቱ ይነጋል። እንግዲህ እናስብ፤ በዚያች መንደር አንዲት የተማረች አዋላጅ በስደት መጥታ ብትቀመጥና ወረቀት ስለሌላት ብቻ እጇን አጣጥፋ እንድትኖር ብትደረግ፣ የተጎዳው ማን ነው? አዋላጂቱ ብቻ ናትን? እናቲቱና ሕፃኑስ? ስለዚህ የእንግዳን ሞያ የማወቅ ነገር ለእንግዳው የሚደረግ ምጽዋት ብቻ ሳይሆን፣ ለተቀባዩም ሕዝብ የሚገባ ፍትሕ እንደ ሆነ አስቀድመን ልናስተውል ይገባናል።

ይሁን እንጂ ተቃራኒውን ወገን ደግሞ በቅንነት እንስማ። ባለ ሞያ ነኝ የሚል ሁሉ ባለ ሞያ አይደለም። በአገራችን ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ ይዘው በሥራ ላይ የተገኙ ሰዎች ስለ ነበሩ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን ማስረጃ እየመረመሩ ሲያጣሩ ቈይተዋል። ያልተማረ ሰው የሐኪም ካባ ለብሶ መድኃኒት ቢያዝ ነፍስ ያጠፋል፤ ያልተማረ መሐንዲስ ድልድይ ቢሠራ ተሻጋሪውን ያሰጥማል። ርኅራኄ ብለን ያለ ምርመራ ብንቀበል፣ ለአንዱ እንግዳ የራራን መስሎን በብዙ ድኾች ላይ እንጨክናለን። ሀብታም ሐኪሙን መርጦ ይሄዳልና፤ በሐሰተኛው እጅ የሚወድቀው ምርጫ የሌለው ባላገር ነው። ስለዚህ ምርመራን የምንነቅፍ አይደለንም። ምርመራ ፍቅርን አይቃወምም፤ የፍቅር ዘበኛ ነው እንጂ።

አባቶቻችንም ይህን ዐውቀው ሠርተውታል። በሐዋርያት ስም በተላለፈው ቀኖና ከሌላ አገር የሚመጣ ኤጲስ ቆጶስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን ያለ ምስክር ደብዳቤ እንዳይቀበሉት፣ ደብዳቤም ይዞ ቢመጣ እንዲመረምሩት ታዟል። ትምህርቱ የቀና ሆኖ ከተገኘ ይቀበሉታል፤ ካልተገኘም ከአገልግሎቱ ይከለክሉታል። ነገር ግን በዚያው ቀኖና ከአገልግሎት የተከለከለው እንግዳ እንኳ ለኑሮው የሚያስፈልገው እንዲሰጠው ተጨምሯል። ይህን ጥበብ ልብ እንበል። ደብዳቤው ብቻውን አይበቃም፤ ደብዳቤ ያለው ሁሉ ይመረመራልና። የምርመራው ውጤት ምንም ይሁን ምን ደግሞ የእንግዳው ሰውነት አይዋረድም፤ እንጀራው አይቋረጥምና። ብዙ መንግሥታት ዛሬ በብዙ ድካም የሚፈልጉትን ሚዛን እነዚያ አባቶች በጥቂት ቃል አስቀምጠውታል።

ከቀኖናው ወደ አብነት ትምህርት ቤታችን ብንመለስም ያንኑ መንፈስ እናገኘዋለን። ከመንዝ የሚነሣ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። ቅኔ ለመማር ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፣ ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አባ፣ አቋቋም ለማጥናት ወደ ጎንደር ይጓዛል። በቤተልሔም መምህሩ ተማሪውን «የማን ልጅ ነህ? ከየት መጣህ?» ብሎ አይመዝነውም፤ ድጓውን ከዳር እስከ ዳር ያሰማዋል እንጂ። ዜማው ከሳተ ይታረማል፤ ከቀናም ይመሰከርለታል። ያ ተማሪ ወደ መንዝ ተመልሶ በቅኔ ማኅሌት ሲቆም ደግሞ ሊቃውንቱ በጆሯቸው ይመሰክሩለታል። የጎጃም ሰው በሸዋ ጉባኤ ሲተክል፣ የሸዋ ሰው በጎንደር ሲቀኝ፣ አገሩ ሌላ ነው ተብሎ ዕውቀቱ አልተናቀም። አንድ መንግሥት የሌላውን መንግሥት ዲፕሎማ የሚቀበልበት ውል ከመጻፉ ከብዙ ዘመን በፊት፣ ቤተ ክርስቲያናችን በየአውራጃው ድንበር ተሻግሮ የሚጸና ምስክርነት ነበራት።

በዚያው በመንዝ ምድር ግን ሌላም ሚዛን ነበር፤ እርሱም የርስት ሚዛን ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ማማ፣ ላሎና ጌራ የሚባሉት አባቶች ምድሩን ተካፍለው ስለ ያዙ አገሩ በስማቸው ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር ተብሎ ይጠራል። በርስት ሸንጎ ሰው የሚጠየቀው የአባቱንና የአያቱን ትውልድ ነበር፤ ትውልዱን ቈጥሮ ወደ አቅኚው አባት ያላደረሰ መሬት አያገኝም። ይህ በርስት ነገር ሥርዓቱ ነበረና አንነቅፈውም። ስሕተት የሚሆነው የርስትን ጥያቄ ወደ ሞያ ያመጣነው እንደ ሆነ ነው። መሬት በውርስ ይተላለፋል፤ ዕውቀት ግን በውርስ አይገኝም። «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ለርስት ሸንጎ ይገባ ይሆናል፤ ለሐኪም ቤት፣ ለትምህርት ቤትና ለቅኔ ማኅሌት ግን የሚገባው «ምን ታውቃለህ? እስቲ አሳየን» የሚለው ነው። ዛሬ በብዙ አገር በስደተኛ ባለ ሞያ ላይ የሚደርሰው በደል ሥሩ ይህ ነው፤ ስለ ሞያው የሚጠይቁት እየመሰሉ ስለ ትውልዱ ይጠይቁታል።

በመጽሐፍ ቅዱስም ለዚህ ነገር የሚሆን ምሳሌ ሞልቷል። ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲሠራ የናሱን ሥራ ያሠራው ከጢሮስ ባስመጣው በኪራም ነው፤ የዚህም ሰው አባት የጢሮስ ሰው ነበረ። የእግዚአብሔርን ቤት ለማስጌጥ የባዕድ አገር ሞያ አልተናቀም። ከሁሉ ይልቅ ግን የእስክንድርያዊው የአጵሎስ ታሪክ ለጉዳያችን ይስማማል (ሐዋ. ሥራ ምዕ. 18)። አጵሎስ በመጻሕፍት የበረታ፣ አንደበቱ የቀና ሊቅ ነበረ፤ ወደ ኤፌሶን በመጣ ጊዜ ግን የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበረ። አቂላና ጵርስቅላ ሲያስተምር ሰሙት። «ያልተማረ ነው» ብለው አላባረሩትም፤ «ሊቅ ነው» ብለውም ጉድለቱን ዝም ብለው አላለፉትም። ወስደው የጐደለውን በትክክል አስረዱት። በኋላም ወደ አካይያ ሊሻገር በወደደ ጊዜ ወንድሞች ይቀበሉት ዘንድ ደብዳቤ ጻፉለት፤ በዚያም ላመኑት እጅግ ጠቀማቸው።

በዚህ ታሪክ አራት ነገሮች በተራ ተከናውነዋል። መጀመሪያ ሰሙት፤ ይህ ምርመራ ነው። ቀጥሎ የጐደለውን ለይተው ዐወቁ፤ ይህ ፍርድ ነው። ከዚያም የጐደለውን ብቻ ሞሉለት፤ የሚያውቀውን መጻሕፍት ከፊደል ጀምሮ ድገም አላሉትም። በመጨረሻም ለሚሄድበት አገር መሰከሩለት። ዛሬ አንድ የሃያ ዓመት ሐኪም የአዲሱን አገር ቋንቋ፣ ሕግና የሕክምና መሣሪያ እንዲማር ቢታዘዝ እንደ አጵሎስ ተደርጎለታል እንላለን። የሚያውቀውን ሁሉ እንዳላወቀ ተቈጥሮ ከመጀመሪያው እንዲነሣ ቢደረግ ግን ይህ የአቂላና የጵርስቅላ መንገድ አይደለም።

ነገር ግን ምርመራ ሁሉ ከቅን ልብ እንደማይነሣ የገዛ ታሪካችን ያስተምረናል። የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ ከጢሮስ የመጣ እንግዳ ነበረ። በአክሱም ቤተ መንግሥት በታማኝነት አገልግሎ፣ ወደ እስክንድርያ ወርዶ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ተሹሞ ተመለሰ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ356 ዓ.ም. አካባቢ የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ ንጉሥ ቆንስታንቲዎስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። የደብዳቤውም ሐሳብ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ፣ በአትናቴዎስ ስፍራ በተቀመጠው በአርዮሳዊው ጊዮርጊስ ዘንድ ስለ ሹመቱና ስለ ትምህርቱ ይመርመር የሚል ነበረ። ይህን ደብዳቤ ቅዱስ አትናቴዎስ ራሱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አኑሮልናል። ላይ ላዩን ሲታይ ጥያቄው ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ሹመቱ የቀና መሆኑ ይጣራ የሚል ነውና። ውስጡ ሲታይ ግን መርማሪው አስቀድሞ የፈረደ፣ የሚፈልገውም እውነትን ሳይሆን መታዘዝን ነበረ። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚያስረዳን አባ ሰላማ በመንበሩ ጸንቶ፣ ከሣቴ ብርሃን ተብሎ፣ ሕዝቡን እያስተማረ ኖረ። አባቶቻችን ያንን እንግዳ በፍሬው ዐወቁት።

እንግዲህ ቅኑን ምርመራ ከሰበቡ ምርመራ በምን እንለየዋለን? ሦስት ምልክቶች አሉት እንላለን። አንደኛው፣ ቅን ምርመራ ስለ ሞያው ይጠይቃል እንጂ ስለ ሰውየው ወገን አይጠይቅም፤ መርማሪውም በእንግዳው መውደቅ የሚጠቀም ሰው መሆን የለበትም። ሁለተኛው፣ ቅን ምርመራ ቀን አለው። «ነገ ና» እያሉ ዓመታትን ማሳለፍ እምቢ ሳይሉ እምቢ ማለት ነው፤ ያልተሠራበት እጅ ይደነዝዛል፣ ያልተጠቀሙበትም ትምህርት ይረሳል። ሦስተኛው፣ ቅን ምርመራ ጉድለት ባገኘ ጊዜ የሚሞላበትን መንገድ ያሳያል። እነዚህ ሦስቱ የሌሉበት ምርመራ ማኅተሙ የቱንም ያህል ቢያምር የቆንስታንቲዎስን ደብዳቤ ይመስላል።

እነዚህን ምልክቶች መጠበቅ የሚቻል ለመሆኑ የዓለም ሕግጋት ይመሰክራሉ። ጀርመን በ2004 ዓ.ም. በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ በውጭ አገር የተማረ ሰው ማስረጃውን አሟልቶ ካቀረበ ውሳኔው በሦስት ወር ውስጥ እንዲሰጠው ተደነገገ፤ ማስረጃውን ማቅረብ የማይችል ሰውም በብዙ ሞያዎች በእጁ ሠርቶ በማሳየት እንዲመዘን ተፈቀደ። በ1989 ዓ.ም. በሊዝበን የተፈረመው የአውሮፓ ስምምነት ደግሞ የስደተኞች ትምህርት በወረቀት ሊረጋገጥ ባይችል እንኳ በፍትሕ የሚመረመርበት ሥርዓት እንዲበጅ ያዛል። የአፍሪካ መንግሥታት በ2007 ዓ.ም. በዚህችው በአዲስ አበባ ተሰብስበው የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎችን እርስ በርስ ስለ መቀበል ስምምነት አጽድቀዋል፤ ስምምነቱም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራበታል። በዚያው በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ መላውን ዓለም የሚመለከት ተመሳሳይ ስምምነት በፓሪስ አጽድቆ፣ በ2015 ዓ.ም. በሥራ ላይ ውሏል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቊጥር 1110፣ የትምህርት ማስረጃው ሥልጣን ባለው መሥሪያ ቤት የተረጋገጠለት ስደተኛ በሕግ የተጠየቀውን ካሟላ ለውጭ ሰዎች በተፈቀዱ ሥራዎች የሞያ ፈቃድ ሊሰጠው እንደሚችል ደንግጓል። ስለዚህ የሕጉ በር ተከፍቷል። በር ግን በራሱ አያስተናግድም፤ በሩ ላይ የቆመው ሰው ልብ ነው የሚያስተናግድ።

አሁን ሁለት ከባድ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው «የራሳችን ልጆች ተምረው ሥራ አጥተው ሳለ ለእንግዳ ቦታ እንስጥን?» የሚል ነው። ይህን የሚለው አባት ክፉ ሰው አይደለም፤ በሬውን ሸጦ ያስተማረው ልጁ ሥራ ፈትቶ በቤት ሲቀመጥ የሚያይ አባት ነው። ለእርሱ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። የሥራ ቦታ የማነሱ ጉዳት በእውነት ሊታሰብበት ይገባል፤ መንግሥትም ስንት የሥራ ቦታ ለማን እንደሚሰጥ በግልጥ ሕግ ሊወስን ይችላል። ነገር ግን «ቦታ የለንም» ማለትና «አንተ አታውቅም» ማለት ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን በሚያውቅ ሰው ላይ ሲነገር ሐሰት ነው። ቦታ ለማትረፍ ብሎ በሰው ዕውቀት ላይ በሐሰት መመስከር በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለውን ትእዛዝ መተላለፍ ነው። ደግሞም በመንዝና በመርሐ ቤቴ ቈላና ደጋ ባለ ሞያ የጠፋበት ቦታ ብዙ ነው፤ በከተማ የተጨናነቀ ሥራ በገጠር ባዶውን ተቀምጧልና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። «የውጭ መንግሥታት የእኛን ሐኪሞች ዲፕሎማ በቀላሉ ቢቀበሉ ሐኪሞቻችን ሁሉ ሄደው አያልቁብንምን?» የሚል ነው። ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው። የአገራችን ሐኪሞች ቊጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ዓ.ም. የጤና ባለ ሞያዎች ከአገር ወደ አገር ስለሚቀጠሩበት ሁኔታ መመሪያ አውጥቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ዝርዝርም የጤና ባለ ሞያ እጥረት ስላለባቸው ጥበቃ ያስፈልጋቸዋል ካላቸው 55 አገሮች መካከል ኢትዮጵያን አንዷ አድርጎ ቈጥሯታል። ድኻው ገበሬ በከፈለው ግብር የተማረ ሐኪም ሀብታሙን አገር ሲያክም፣ ድኻው ለሀብታሙ ምጽዋት ሰጠ ማለት ነው።

ታዲያ የወገኖቻችን ሞያ በውጭ አገር እንዳይታወቅ እንመኝን? አይገባም። ሐኪሙ በባዕድ አገር መሪ ቢይዝ ለመንዝ እናት ምን ይጠቅማታል? የሄደው ሄዷል፤ ዕውቀቱ በዚያም በዚህም ሳያገለግል ቢባክን ኪሳራው የሁሉ ነው። መፍትሔው የሄደውን ማዋረድ ሳይሆን ያለውን የሚያስቀር ክብርና ደመወዝ፣ ሰላምም መስጠት ነው። ሞያው በውጭ አገር የታወቀለትም ወገን ደግሞ ዕዳ አለበት። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን እናስታውስ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነቱ በእንግሊዝ መኰንን እጅ ወደ ሕንድ ተወስዶ በዚያ ሕክምና ተማረ፤ በበርማም አገለገለ። ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሕዝቡን አከመ፤ በኋላም በሎንዶን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነ። ባዕድ አገር ዕውቀቱን ባያጸድቅለት ኖሮ ይዞት የሚመለሰው ዕውቀት አይኖረውም ነበር። አገሩም የውጭ ትምህርቱን ባትቀበልለት ኖሮ መመለሱ ባልጠቀመ ነበር። ስለዚህ ማወቅና መታወቅ በሁለቱም ወገን የሚፈለግ ነገር ነው።

በዚህ ነገር ቤተ ክርስቲያናችን ከሌላው ይልቅ የምትናገርበት ምክንያት አላት፤ ራሷ ረጅም ዘመን ይህን ሸክም ተሸክማለችና። በኒቅያ ጉባኤ ስም ተጽፎ በፍትሐ ነገሥት ውስጥ በገባ አንቀጽ፣ ኢትዮጵያውያን ከገዛ ሊቃውንቶቻቸው መካከል ፓትርያርክ እንዳይሾሙ ተከልክለው ነበር። ሊቃውንቱ ድጓውን፣ ቅኔውንና መጻሕፍቱን እስከ ጥግ ቢያውቁም፣ የተከለከሉት በዕውቀታቸው ሳይሆን በትውልዳቸው ነበር። ይህን የምናነሣው እኅታችን የሆነችውን የእስክንድርያን ቤተ ክርስቲያን ለመውቀስ አይደለም፤ በፍጻሜው በሰላምና በስምምነት ተፈጽሟልና። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን አባቶች ጳጳሳት ሆነው ተሾሙ፤ በጥር 1943 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ የተወለዱት አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ በሰኔ 1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ተባሉ። የመርሐ ቤቴ ልጅ በተሾመ ጊዜ ዕውቀት በትውልድ የማይከለከል መሆኑ ታወቀ። የሚያስደንቀው ደግሞ በዚያው በ1943 ዓ.ም.፣ በሐምሌ ወር፣ የዓለም መንግሥታት በጄኔቫ የስደተኞችን ስምምነት ማጽደቃቸው ነው። በዚያም ስምምነት በዲፕሎማ የሚሠሩ ስደተኞች በሞያቸው እንዲሠሩ የሚመለከት አንቀጽ ተጻፈ። እንግዲህ «ከእናንተ ወገን ለዚህ የሚበቃ የለም» የተባለች ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው እንግዳ እንዲህ ሲባል ዝም ብላ ልታይ ይገባልን?

ስለዚህ ለካህናትና ለምእመናን የሚሆነውን በአጭሩ እንናገራለን። የሰበካ ጉባኤ አባላት ተፈናቃይ ወይም ስደተኛ ወደ አጥቢያቸው ሲመጣ ስንዴና ልብስ መስጠታቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ከዚያ አስቀድመው ወይም ከዚያ ጋር «ሞያህ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁት። ከእርዳታ መዝገቡ አጠገብ የሞያ መዝገብ ይኑር። ቤተ ክርስቲያን የሐኪምን ወይም የመሐንዲስን ሞያ ልትመረምር አትችልም፤ ይህ ሥልጣን ላላቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተተወ ነው። ነገር ግን መንገድ ልታሳይ፣ ደብዳቤ ልትጽፍ፣ ከአንድ አገር የመጡ ሰዎች ስለ እርሱ የሚያውቁትን እውነት እንዲመሰክሩ ልታደርግ ትችላለች። ወንድሞች ለአጵሎስ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በገዛ ቤታችን ግን ምርመራው የእኛው ነው። ወረቀቱ የጠፋበት መሪጌታ ቢመጣ ወረቀቱን እስኪያገኝ ድረስ በደጅ አናቁመው፤ መቋሚያና ጸናጽል ሰጥተን በማኅሌት እናቁመው። ድጓው ራሱ ይመሰክርለታል። ቅስናው ወይም ዲቊናው ግን በጆሮ የሚሰማ ስላልሆነ፣ ወደ ሀገረ ስብከቱ ተጽፎ፣ የሚያውቁት ካህናት ተጠይቀው በጥንቃቄ ይጣራ፤ እስኪጣራም ድረስ እንጀራው አይቋረጥበት። ለሌላው የምንመክረውን ምሕረትና ጥንቃቄ በመቅደሳችን ደጅ ካልፈጸምነው ምክራችን ከንቱ ይሆናል።

ለእንግዳውም የምንለው አለን። ምርመራን እንደ ስድብ አይቍጠረው፤ የሚያውቅ ሰው ሲጠየቅ አይፈራምና። የጐደለውን ለመማር አይፈር፤ አጵሎስ ሊቅ ሳለ በድንኳን ሠሪዎች ቤት ተቀምጦ ተምሯል። መንገዱ ቢረዝምበት እንኳ የሐሰት ወረቀት አይግዛ፤ አንዱ ሐሰተኛ ከኋላው ለሚመጡት መቶ እውነተኞች በሩን ይዘጋልና። በመርማሪነት ወንበር የተቀመጠ ክርስቲያንም ከፊቱ የቀረበውን ፋይል ከማሳደሩ በፊት፣ በዚያ ፋይል ውስጥ የአንድ ሰው ዕድሜና የብዙ ሕመምተኞች ተስፋ እንዳለ ያስብ።

ዕውቀት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ሰጪው ደግሞ ስጦታውን በአንድ አገር ወሰን አላጠረውም። ስለዚህ የእንግዳን ዕውቀት ያለ ምርመራ የሚቀበል ሰው በስጦታው ላይ ይዘብታል፤ መርምሮ እውነት ሆኖ ሲያገኘው የሚክድ ደግሞ ሰጪውን ያሳዝናል። መርምረን መልካሙን እንያዝ፤ ያገኘነውንም መልካም ነገር ከማን እጅ እንደ መጣ ሳንጠይቅ እናመስግን። እንግዳ ተቀባይ አባታችን አብርሃም በድንኳኑ ደጅ ሮጦ የተቀበላቸው ሰዎች ማንነታቸውን አስቀድሞ አላወቀም ነበር፤ ከተቀበላቸው በኋላ ግን በረከታቸው በቤቱ ቀረ። ለእኛም እንዲሁ ይደረግልን ዘንድ የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።